«ኢምፒንጅመንት» በራጅ ይታያል?

በምርመራ ወረቀት ላይ «የትከሻ ኢምፒንጅመንት» የሚል ሲጻፍ ብዙ ታካሚ በምስሉ ላይ የተገኘ ብልሽት ይመስለዋል። ስያሜው ግን በመሠረቱ የሕመሙን ሁኔታ የሚገልጽ ነው፤ አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ቻርልስ ኒር በ1972 እ.ኤ.አ. ሲያስተዋውቀው፣ ክንድ ወደ ላይ ሲነሳ የትከሻ ጅማቶች ከላያቸው ባለው የአጥንት ጣሪያና በክንድ አጥንት ራስ መካከል እየተጨመቁ ያማሉ ከሚል ሐሳብ ተነሥቶ ነበር። ስለዚህ ምርመራው የሚጀምረው ከማሽን ሳይሆን ከሐኪሙ እጅ ነው፤ ክንድዎን በጎን በኩል ቀስ ብለው ሲያነሡ ሕመሙ ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ባለው መካከል ጠንክሮ ከዚያ በላይ የሚቀንስ ከሆነ፣ ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው።

ራጅ አጥንትን እንጂ ጅማትን በግልጽ አያሳይም። የሚጠቅመው የአጥንት ትርፍ እድገትን፣ የካልሲየም ክምችትንና የመገጣጠሚያ መበላትን ለመለየት ነው፤ ከጣሪያው ሥር ያለው ክፍተት ከ7 ሚሊሜትር በታች ከጠበበ ደግሞ የጅማት መቀደድን ያስጠረጥራል። አልትራሳውንድ ክንዱ እየተንቀሳቀሰ ሳለ ጅማቱን ያሳያል። ኤምአርአይ ጠለቅ ያለውን ክፍል ጭምር ያሳያል፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ነው።

አጥብቄ ማሳሰብ የምፈልገው ግን ምስልን ከሕመም ጋር ያለማምታታትን ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 70 የሆነ፣ ትከሻቸውን የማያማቸው 51 ወንዶችን በአልትራሳውንድ ሲመረምር በ96 በመቶዎቹ ላይ አንድ ዓይነት ለውጥ አግኝቷል። እንግዲህ «ጅማቱ ወፍሯል» የሚል ውጤት ብቻውን ለቀዶ ሕክምና ምክንያት አይሆንም፤ ከአደጋ በኋላ ክንድ በድንገት አልነሣ ካለ ግን ምስሉ ሊዘገይ አይገባም።