የኢንጂነርነት ወረቀት በድሬዳዋ፦ ዲግሪ፣ ምዝገባና ክርክር

ድሬዳዋ ኢንጂነርን ከዲግሪ በፊት ነው የምታውቀው። የጅቡቲው ባቡር በ1895 ዓ.ም. ሲደርስ ከተማዋም አብራው ተወለደች። የምድር ባቡሩ ወርክሾፕ የሞተር ሕመም በድምፅ የሚለዩ ባለሙያዎችን አፈራ። «የባቡር ሰው ነው» ከተባለ ሌላ ማስረጃ የሚጠይቅ አልነበረም። (ድሬ ያደገ ሰው ይህን ሲጽፍ ትንሽ ደረቱን ቢነፋ አይፈረድበትም።) የሲሚንቶና የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቹም ሰው ያሳደጉት በዚሁ መንገድ ነው።

ወረቀቱ ዘግይቶ መጣ። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። በማግስቱ ዓመት ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ የ70/30 ፖሊሲ ተከተለ። ከመቶ ተማሪ ሰባው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ይግባ የሚል ነበር። ሲቪሉም፣ መካኒካሉም፣ ኤሌክትሪካሉም በየዓመቱ ይመረቅ ጀመር።

ጭቅጭቁ የሚጀምረው ከምረቃው በኋላ ነው። ዲግሪ ሌላ፣ ምዝገባ ሌላ። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን «ሀ»፣ «ለ» እና «ሐ» ብሎ ከፈለ። ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን፣ ፋብሪካን ወይም ሕዝብ የሚገለገልበትን ሕንፃ ምድብ «ሐ» ውስጥ አስገባ። ስለዚህ ሳቢያን ሰፈር ጂ ፕላስ 4 ሊያሠራ ያሰበ ሰው የተመዘገበ ባለሙያ የፈረመበት ፕላን ያስፈልገዋል። አዲስ ተመራቂ የሚመዘገበው በ«ግራጁየት ኢንጂነር» ደረጃ ነው። በራሱ ስም ትልቅ ዲዛይን ላይ ማኅተም እስኪያሳርፍ ዓመታት ይቆጠራሉ። የሚመዘግበው የፌዴራሉ መሥሪያ ቤት ስሙ ሲለዋወጥ ቆይቷል። ከ2014 ወዲህ ጉዳዩ ያለው በከተማና መሠረተ ልማት ሚኒስቴር ጥላ ሥር ነው።

የመጀመሪያው የቅሬታ ምንጭ ኮስት ሼሪንግ ነው። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ የወጪ መጋራት ዕዳውን ሳይጨርስ ኦሪጅናል ዲግሪውን አያገኝም። እጁ ላይ ያለው ቴምፖ፣ ማለትም ጊዜያዊው ዲግሪ፣ ብቻ ነው። ከዚራ ፎቶ ኮፒ ቤት ቆማችሁ ብታዩ ይገባችኋል። ልጁ ቴምፖውን ከፕላስቲክ ያወጣል፣ ሦስት ኮፒ ያስነሳል፣ ጠርዙ እንዳይታጠፍ መልሶ በጥንቃቄ ይከታል። ሥራ የለኝም ዕዳ አልከፍልም፣ ዕዳ አልከፈልኩም ሥራ አላገኝም። ክርክሩ ይህ ነው። እኔ ለተመራቂው አደላለሁ።

የግል ኮሌጅ ተመራቂ ችግሩ ይለያል። የእውቅና ፈቃድ የሚሰጠው ለኮሌጁ በጅምላ ሳይሆን ለየፕሮግራሙና ለየካምፓሱ ነው። አዲስ አበባ ላይ እውቅና ያለው ትምህርት ቅርንጫፉ ላይ ላይኖረው ይችላል። ተማሪው ይህን የሚሰማው ብዙ ጊዜ ማስረጃው ይረጋገጥ ሲባል ነው። ከዚያ በኋላ ክሱ በማን ላይ ይሁን? በኮሌጁ ይመስለኛል፤ የፈቃድ ሰጪው ቁጥጥር ላልቷል የሚሉም አሉ። በ2015 የመውጫ ፈተና ሲጀመር ደግሞ ሌላ በር ተጨመረ። በመጀመሪያው ዙር ያለፈው 40 በመቶ ገደማ ነበር። ከመቶ 50 ያላመጣ፣ አምስት ዓመት ቢማርም፣ ዲግሪ የለውም።

ምዝገባ ወይም ማስረጃ የከለከለውን መሥሪያ ቤት መክሰስ ይቻላል። የፌዴራል አስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መጀመሪያ ለተቋሙ ራሱ አቤት በሉ ይላል። ካልሆነ ጉዳዩ ወደ ፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል። አዋጁ እንደ አግባቡ የአዲስ አበባንና የድሬዳዋን አስተዳደሮች አስፈጻሚ አካላትም ይነካል። ለእኛ ትልቅ ነገር ነው። ተቋሙ ያልተመዘገበ መመሪያ መዝዞ «መመሪያው አይፈቅድም» ማለትም አይችልም። ጠበቆች በዚህ ላይ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 41 ይደርባሉ፤ ሙያ የመምረጥ መብት ነው። ይህ ክርክር ብቻውን ያሸንፋል ብዬ ግን አልወራረድም። ሙያ መምረጥና መስፈርት ማሟላት አንድ አይደሉም።

አስቸጋሪው የወረቀት ኪራይ ነው። ተቋራጭ ደረጃውን ለማደስ የተመዘገቡ ባለሙያዎች ያስፈልጉታል። ሥራ የሌለው ተመራቂ ደግሞ ወረቀት አለው። ልጁ ሳይቱን ሳያይ ስሙ ብቻ ይቀጠራል። ክፍያው ሲቋረጥ ወይም ሌላ ቦታ ልመዝገብ ሲል መልቀቂያ ይከለከላል። እንግዲህ ይክሰስ? የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1716 ሕገ ወጥ ነገር ላይ የተመሠረተ ውል አይጸናም ይላል። ዳኛው «ምን ሥራ ሠርተህ ነው ደመወዝ የምትጠይቀው?» ቢለው መልስ የለውም። ሽማግሌ ይላካል፤ ሁለት ሦስት ቀን ከተቋራጩ ቢሮ በር ላይ ይጠበቃል፣ መልቀቂያው ይጻፋል፣ ቀሪው ገንዘብ እዚያው ይቀራል።