የቪፒኤስ ባክአፕ በእጅ፣ መሀል አዲስ አበባ

ቪፒኤስ ማለት አንድ ትልቅ ሰርቨር በሶፍትዌር ተከፋፍሎ ለብዙ ደንበኛ ሲከራይ የሚደርስህ ድርሻ ነው። የራሱ ኦፐሬቲንግ ሲስተም፣ ሜሞሪና አይፒ አድራሻ አለው። ፒያሳ ወይም ሜክሲኮ አካባቢ ያለ ትንሽ የሶፍትዌር ቢሮ የደንበኛውን ድረ ገጽ ብዙ ጊዜ የሚያስቀምጠው እንዲህ ባለ ኪራይ ላይ ነው። ማሽኑ ራሱ ግን አውሮፓ ሊሆን ይችላል።

በእጅ ባክአፕ ማድረግ ደግሞ፣ ራስ ገብቶ ዳታውን አውጥቶ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ ነው። "አከራዩ ስናፕሾት ያነሳልኝ የለ?" የሚል አይጠፋም። ስናፕሾት፣ ማለትም ሰርቨሩ በዚያች ቅጽበት ያለበትን ሁኔታ እንዳለ መዝግቦ ማስቀመጥ፣ ጥሩ ነገር ነው። አፕዴት ከመጫንህ በፊት አንስተኸው ከሆነ፣ ነገር ሲበላሽ በደቂቃዎች ወደ ነበርክበት ትመለሳለህ። ችግሩ የሚቀመጥበት ቦታ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው አከራይ ዘንድ፣ በዚያው አካውንት ሥር ነው። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ፈረንሳይ፣ ስትራስቡርግ የሚገኘው የሰርቨር አከራዩ ኩባንያ የኦቪኤች ዳታ ሴንተር ሲቃጠል፣ ባክአፓቸውን እዚያው ግቢ ያስቀመጡ ደንበኞች ሁለቱንም አጥተዋል።

እኛ ዘንድ ከእሳት ይልቅ የሚያሰጋው ክፍያ ነው። ኪራዩ በዶላር ወይም በዩሮ ይከፈላል። ካርዱ ብዙ ጊዜ ውጭ አገር ያለ የወንድም ወይም የጓደኛ ነው። የካርዱ ጊዜ ያልፋል፣ ሰውየው ይረሳል፣ ማስጠንቀቂያው ማንም ወደማይከፍተው ኢሜይል ይሄዳል። መጀመሪያ ሰርቨሩ ይዘጋል። ቀነ ገደቡ ሲያልፍ ይሰረዛል፣ ስናፕሾቱም አብሮት ሊሄድ ይችላል። ከዚያ በኋላ አቤት ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።

ሁሉንም መቅዳት አያስፈልግም። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን፣ ሊኑክሱን፣ እንደገና መጫን ይቻላል። የማይተካው የድረ ገጹ ፋይሎች፣ ሰዎች የጫኗቸው ፎቶዎች፣ ኢቲሲ ፎልደር ውስጥ ያሉት ሴቲንጎችና ዳታቤዙ ናቸው። ዳታቤዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል። እየሠራ ሳለ ፋይሉን በቀጥታ ብትቀዳው፣ ግማሹ የድሮ ግማሹ የአዲስ ሆኖ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የዳታቤዝ ፕሮግራምህ ማይኤስኪውኤል ከሆነ ማይኤስኪውኤልደምፕ፣ ፖስትግሬስ ከሆነ ፒጂደምፕ የሚባሉት ትእዛዞች አሉ፤ ይዘቱን ወጥ አድርገው ያወጡታል።

ቀጥሎ ማውረዱ ነው። 10 ጊጋባይት በ4 ሜጋቢት መስመር ቢወርድ፣ ምንም ሳይቋረጥ 5 ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ሳይቋረጥ ካልን ነው እንግዲህ! መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል። ለዚህ ነው አርሲንክ የሚባለው የፋይል መቅጃ የሚወደደው። በ1996 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ ፕሮግራም ነው። የተለወጠውን ብቻ ይልካል። በትክክል ካዘዝከውም የተቋረጠውን ፋይል ካቆመበት ይቀጥላል። የመጀመሪያው ቀን ያደክማል እንጂ ከዚያ በኋላ ቡና ተጠጥቶ እስኪያልቅ የሚጨርስበት ቀን ብዙ ነው። ኤክስተርናል ሀርድ ዲስክ ላይ የምታኖረው ከሆነ ኢንክሪፕት አድርገው፣ ማለትም ያለ ይለፍ ቃል እንዳይነበብ ቆልፈው። ሚኒባስ ውስጥ የተረሳ ዲስክ የደንበኞችህን ስልክ ቁጥር ሁሉ ይዞ ነው የሚሄደው።

ቀኑም ያምታታል። ብዙ ሰርቨር የሚቆጥረው በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት፣ በዩቲሲ ነው፤ አዲስ አበባ በ3 ሰዓት ትቀድመዋለች። ማክሰኞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ያወጣኸው ፋይል ስሙ ላይ የሰኞ ቀን ይጻፍበታል። እኔ በዚህ ምክንያት አንድ ጊዜ የተሳሳተውን ፋይል አጥፍቻለሁ።

የወረደው ፋይል መከፈቱ ካልተሞከረ ገና ባክአፕ አልሆነም። ላፕቶፕ ላይ ቨርችዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተሠራ ኮምፒውተር) አስነስቶ ዳታቤዙን መልሶ መጫን በቂ ነው። የአማርኛ ድረ ገጽ ከሆነ ፊደሉን እይ። ሲወጣ ወይም ሲመለስ ኢንኮዲንጉ፣ ማለትም ፊደል በኮምፒውተር የሚጻፍበት ኮድ፣ ዩቲኤፍ 8 ካልነበረ፣ ጽሑፉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊመጣ ይችላል። እኔ መጀመሪያ የምከፍተው የደንበኞችን ስም ዝርዝር ነው። "ፀሐይ" በትክክል ከተነበበች ወደ ሌላው አልፋለሁ።