«ስልኬ ውስጥ ሀከር ገብቷል» እና ሌሎች የተሳሳቱ እምነቶች

በመሥሪያ ቤት የኮምፒውተርና የኔትወርክ ድጋፍ ክፍል ውስጥ ለሚሠራ ሰው በየጊዜው የማይቀርለት አንድ አቤቱታ አለ፦ «ቴሌግራሜን ሀክ አደረጉብኝ፤ እባክህ ስልኬን ፎርማት አድርግልኝ።» የአቤቱታው የመጀመሪያ ግማሽ አብዛኛውን ጊዜ ትክክል አይደለም፤ ሁለተኛው ግማሽ ደግሞ ጉዳቱን ያባብሰዋል። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ብዙ ቃል የማያሻቸውን ላስቀድም።

ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ማድረግ ባትሪ ይገድላል ይባላል፤ የዛሬ ስልኮች ባትሪያቸው ሲሞላ ኃይል መሳባቸውን ራሳቸው ስለሚገቱ፣ መቅረት ያለበት ስልኩን ትራስ ሥር ሸጉጦ እንዲግል ማድረግ ነው።

ክፍት መተግበሪያዎችን በየደቂቃው ጠርጎ መዝጋት ባትሪ አይቆጥብም፤ እንደ አዲስ ሲከፈቱ እንዲያውም የበለጠ ሊፈጁ ይችላሉ።

የይለፍ ቃልን በየሦስት ወሩ ማስቀየር ደኅንነት ይጨምራል የሚለውን ልማድ የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው መመሪያ ትቶታል፤ በየጊዜው የሚገደድ ሰው መጨረሻ ላይ ያለውን 1 ወደ 2 ከመቀየር ያለፈ ነገር አያደርግምና።

አሁን ወደ ዋናው። ብዙዎች የሚያስቡት ሀከር ከሩቅ ሆኖ መከላከያውን ሁሉ ሰብሮ ስልካቸው ውስጥ የሚገባ፣ ገብቶም እዚያው የሚቀመጥ ባለሙያ ነው። በተግባር የሚሆነው ግን እንዲህ ነው። ከምታውቁት ሰው «ልጄ ውድድር ላይ ናት፤ ድምፅ ስጡልኝ» የሚል መልእክት ከነሊንኩ ይደርሳችኋል። ሊንኩን ስትከፍቱ የስልክ ቁጥራችሁን ይጠይቃል፤ ሌባውም ያንኑ ቁጥር ወዲያው በራሱ መሣሪያ ላይ ባለው ቴሌግራም ያስገባል። ቴሌግራም ለባለቤቱ ባለ 5 አኃዝ ኮድ ይልካል፤ ኮዱን የያዘው መልእክት ራሱ ለማንም እንዳትሰጡ፣ «ከቴሌግራም ነኝ» ለሚልም ቢሆን እንዳትሰጡ ብሎ በግልጽ ያስጠነቅቃል። ባለቤቱ ግን ማስጠንቀቂያውን ሳያነብ ኮዱን «ድምፅ መስጫው» ላይ ይጽፈዋል። በቃ፣ ነገሩ አለቀ። ሊንኩን የላከው ወዳጅም ብዙውን ጊዜ ከእናንተ በፊት በዚሁ መንገድ የተዘረፈ ሰው ነው።

ይህን ስናገር «እኔ ለማንም ሰው ኮድ አልሰጠሁም» ብለው የሚቆጡ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ለሰው አልሰጡም፣ ለገጽ ነው የሰጡት። «የትኛውን አንቲቫይረስ ልጫን?» የሚለውም ጥያቄ ከዚሁ ይከተላል፤ ባለቤቱ በገዛ እጁ ኮዱን ሲጽፍ ሊከለክለው የሚችል አንቲቫይረስ ግን የለም።

ብዙ ገንዘብ የፈሰሰባቸው የስለላ መሣሪያዎች እንኳ በአመዛኙ የሚጠብቁት የሰውን እጅ ነው። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው የምርምር ማዕከል ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ፣ በአሜሪካ፣ በብሪታንያና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ በሠራው የስለላ ሶፍትዌር ዒላማ እንደተደረጉ አሳይቷል። ሶፍትዌሩ የመጣላቸው በኢሜይል ነበር፤ ቪዲዮውን ለማየት አዶቤ ፍላሽን አድሱ ተባሉ፣ ያደሰ ሰው ሰላዩን በራሱ ኮምፒውተር ላይ ጫነ። እንደ ፔጋሰስ ያሉ፣ ባለቤቱ ምንም ሳይነካ የሚገቡ መሣሪያዎች መኖራቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን እጅግ ውድ ስለሆኑ የአንዲት ሒሳብ ሠራተኛን ቴሌግራም ለመስረቅ የሚያውላቸው የለም።

መድኃኒቱም የሚሳሳተው በሽታው ስለተሳሳተ ነው። ሌባው እናንተ ስልክ ውስጥ የለም፤ በራሱ መሣሪያ ላይ ሆኖ ከቴሌግራም ሰርቨር ጋር በእናንተ ስም ይነጋገራል። ስለዚህ የእናንተን ስልክ ፎርማት ማድረግ እርሱን ንክች አያደርገውም፤ ሲም ካርድ መቀየርም እንዲሁ። ከዚህ የሚብሰው ግን ፎርማት ማድረግ በእጃችሁ ያለውን ብቸኛ ብልጫ ማጥፋቱ ነው። ቴሌግራም አዲስ የገባ መሣሪያ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ነባሮቹን እንዳያስወጣ ይከለክለዋል፤ ነባሩ ስልክ ግን አዲሱን ሊያስወጣው ይችላል። በእነዚያ ሰዓታት ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ የመሣሪያዎችን ዝርዝር መክፈትና ከያዛችሁት ስልክ በቀር ሌሎቹን ሁሉ ማስወጣት የደቂቃዎች ሥራ ነው።

አንዲት የሒሳብ ክፍል ባልደረባዬ ወደ እኔ ከመምጣቷ በፊት ሰፈሯ ያለ ሞባይል ጥገና ቤት ሄዳ ስልኳን ፎርማት አስደርጋ ነበር። ተመልሳ ለመግባት ስትሞክር ሌባው በመካከሉ ያስቀመጠውን የይለፍ ቃል ተጠየቀች። በሌላ መሣሪያ ላይ የተከፈተ ቴሌግራም ስላልነበራት፣ የቀራት አማራጭ 7 ቀን ጠብቃ መለያውን ከነመልእክቶቹ ሰርዛ ከዜሮ መጀመር ሆነ። በዚያ ሳምንት ሌባው «እናቴ ሆስፒታል ገብታለች፤ ገንዘብ ላኩልኝ» እያለ በስሟ ለዘመድ አዝማድ ሲጽፍ ሰነበተ፤ ዱባይ የምትሠራው እህቷም ደንግጣ፣ ሳትደውል ላከች። «የምደብቀው ነገር የለኝም፤ ቢሰርቁትስ ምን ያገኛሉ?» የሚሉ ሰዎች ይህን አይቆጥሩትም። ሌባው የሚሸጠው ዘመዶቻችሁ በእናንተ ላይ ያላቸውን እምነት ነው።

እንግዲህ የሚያዋጣው፦ ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን (ከኮዱ በተጨማሪ እናንተ ያወጣችሁትን የይለፍ ቃል የሚጠይቀውን) አብሩ፣ የመልሶ ማግኛ ኢሜይልም አስገቡ። ይህን ያደረገ ሰው ኮዱን በስህተት ቢሰጥ እንኳ ሌባው የይለፍ ቃሉ ላይ ይቆማል፤ የይለፍ ቃሉንም እዚያው «ድምፅ መስጫ» ላይ የሚጽፍ ካልሆነ በቀር፣ እርሱም አጋጥሞኛል። ጥለነዋል ያላችሁት የድሮ ቁጥር ላይ የተከፈተ መለያ ካላችሁ ቁጥሩን ከመለያው ቀይሩት፤ ኦፕሬተሮች አገልግሎት ያልሰጠን ቁጥር ከጊዜ በኋላ ለሌላ ደንበኛ ይሰጣሉ፣ ኮዱም ለዚያ ሰው ይሄዳል። በቴሌብርም ሆነ በኤምፔሳ በኩል ደውሎ የሚስጥር ቁጥራችሁን የሚጠይቅ እውነተኛ ሠራተኛ የለም፤ ስልኩን በጆሮው ላይ ዝጉበት።

ስለ ቴሌግራም ካነሳን አይቀር፣ «ከሌሎቹ ሁሉ ምስጢር ጠባቂው እርሱ ነው» የሚለውም ሊታረም ይገባል። ተራው የቴሌግራም ውይይት የሚቀመጠው በኩባንያው ሰርቨር ላይ ነው፤ መፍቻ ቁልፉም ያለው ኩባንያው ዘንድ ነው። ከላኪና ከተቀባይ በቀር ሌላ ሰው የማያነበው ሆን ተብሎ የሚከፈተው የምስጢር ውይይት ብቻ ሲሆን፣ እርሱም በሁለት ሰዎች መካከል እንጂ በቡድን አይሠራም። በአንጻሩ ዋትስአፕ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ መልእክቶችን ሁሉ ማንም ሳይጠይቀው በዚህ ዓይነት ይቆልፋል። የቴሌግራም መሥራች ፓቬል ዱሮቭ በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ከታሰረ በኋላም ቴሌግራም ሕጋዊ ጥያቄ ሲቀርብለት የተጠቃሚን የስልክ ቁጥርና የአይፒ አድራሻ (መሣሪያው በኢንተርኔት ላይ የሚለይበትን ቁጥር) ለባለሥልጣናት ሊሰጥ እንደሚችል በመመሪያው አስፍሯል።

ኢንኮግኒቶ የሚባለው የብራውዘር የግል መስኮትም የጎበኛችሁትን የሚሸሽገው ኮምፒውተሩን ከእናንተ በኋላ ከሚጠቀመው ሰው ብቻ ነው፤ የኢንተርኔት አቅራቢያችሁና የመሥሪያ ቤታችሁ ኔትወርክ አስተዳዳሪ የትኛውን ድረ ገጽ እንደጎበኛችሁ ማየት ይችላሉ። በኢንተርኔት ቤት ወይም በውሰት ኮምፒውተር ላይ ኢሜይል ለመክፈት ግን ተጠቀሙበት፤ ስትጨርሱም መስኮቱን መዝጋት አትርሱ፣ ካልዘጋችሁት ከእናንተ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ኢሜይላችሁን እንደተከፈተ ያገኘዋል።