ኬፒአይና ታርጌት አንድ አይደሉም

ድሬ ውስጥ በመጋዘንና በትራንስፖርት ሥራ ያላችሁ ልጆች የኬፒአይና የታርጌት ልዩነት ምንድነው ብላችሁ ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁ ልመልስ። ስብሰባ ላይ "ኬፒአያችሁን ምቱ" ሲባል ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ሲወጣ ግን ምን እንደተባለ የገባው የለም። በጣም ያናድደኛል። ሰው በማያውቀው ነገር መመዘን የለበትም።

ኬፒአይ (ቁልፍ የአፈጻጸም መለኪያ) ሥራው የሚለካበት ነገር ነው። ታርጌት በዚያ መለኪያ እንድትደርሱበት የተቀመጠው ቁጥር ነው። ለምሳሌ ከጅቡቲ የመጣ መኪና መጋዘን ደርሶ ጭነቱ እስኪራገፍ የሚፈጀው ጊዜ ኬፒአይ ነው፤ "ከ4 ሰዓት አይብለጥ" ሲባል ታርጌት ሆነ። ስለዚህ አለቃችሁን ጠይቁ፦ የሚለካው ምንድነው? ቁጥሩስ ስንት ነው? ሰዓቱ ከየት ተነስቶ የት ድረስ እንደሚቆጠርም በጽሑፍ ያዙ፣ ምክንያቱም መኪናው በር ላይ ተሰልፎ የቆየበት ጊዜ እናንተ ላይ ከተቆጠረ ባላጠፋችሁት ነው የምትወቀሱት።

እስከዚህ ያለው የትም ቦታ ያው ነው። ቁጥሩ፣ በወር ይሁን በሩብ ዓመት መታየቱ፣ ከቦነስ ጋር መያያዙ ግን እንደየድርጅቱ ይለያያል፤ እሱን ውላችሁና የድርጅቱ መመሪያ ላይ እዩት። መንግሥት መሥሪያ ቤት ያላችሁ የምታውቁት ቢኤስሲ (ባላንስድ ስኮርካርድ፣ የመሥሪያ ቤት ሥራ የሚመዘንበት ሥርዓት) ከዚህ ይሰፋል፤ ከገንዘብ ሌላ ተገልጋይን፣ የውስጥ አሠራርንና የሠራተኛ ዕድገትን ያያል፣ ኬፒአይ ግን እሱም ውስጥ አለ።