የፖሊስ «የግል ገጽ» ምን ያህል የግል ነው?

ድሬዳዋ ውስጥ፣ ከዚራም ሆነ መጋላ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ በአንድ በረንዳ ላይ ይሰማሉ። አንድ ፖሊስ ከእነዚህ ተናጋሪዎች አንዱን ወገን በፌስቡክ ገጹ ቢያንቋሽሽ፣ ያቺው የተሰደበች እናት ነገ አቤቱታዋን ይዛ እሱ ጠረጴዛ ፊት ልትቆም ትችላለች። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይኸው ነው።

ብዙ ሰው የሚያምታታው ሁለቱን ተጠያቂነቶች፣ የወንጀሉንና የዲሲፕሊኑን ነው። የወንጀሉ ጠባብ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግር የሚለው በብሔር፣ በሃይማኖት፣ በዘር፣ በጾታ ወይም በአካል ጉዳት ላይ ተመሥርቶ፣ ሆን ብሎ ጥላቻን፣ መድልዎን ወይም ጥቃትን የሚያነሳሳ ንግግርን ነው። ቅጣቱ እስከ 2 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ነው፤ በንግግሩ ምክንያት ጥቃት ከተፈጸመ ደግሞ እስራቱ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይሆናል። የደንብ ልብስ መልበስ ከዚህ አያስመልጥም።

የዲሲፕሊኑ ሰፋ ይላል። እዚያ ዋናው ጥያቄ «ሕዝቡ ይህን ሰው አምኖ ይቀርበዋል ወይ?» የሚለው ነው። ስለዚህ ዐቃቤ ሕግ «ወንጀል አይደለም» ቢል እንኳ የዲሲፕሊኑ መዝገብ በዚያ ብቻ አይዘጋም።

አቤቱታ ልታቀርቡ ካሰባችሁ ጽሑፉ ሳይሰረዝ ስክሪንሾት አንሱ፤ ቀኑና የገጹ ስም ይታይ። ሼር ግን አታድርጉት፣ ስድቡን ያዛምታል።