«ኢየሱስን በግል ማወቅ» ምንድን ነው?

ሐዋሳ ውስጥ ከመናኸሪያ ተነስቶ የኢየሱስን ስም ሳያዩ ፒያሳ መድረስ ይከብዳል። ባጃጁ መስታወት ላይ «ኢየሱስ ጌታ ነው» የሚል ተለጥፏል። ሱቁ «አማኑኤል»፣ ምግብ ቤቱ «ቤተልሔም» ይባላል። ሌሊት ከገብርኤል የቅዳሴ ዜማ ይሰማል፣ ማታ ማታ ደግሞ ከየአዳራሹ መዝሙር። ከተማው ውስጥ ያለው ተራራ እንኳን ስሙ ታቦር ነው። እንዲህ ባለ ከተማ አንድ ወጣት መንገድ ላይ አስቁሞ «ወንድሜ፣ ጌታን በግልህ ታውቀዋለህ?» ሲል ብዙ ሰው ቅር ይለዋል። «ምን ማለትህ ነው? ክርስቲያን ነኝ እኮ!»

ቅሬታው ይገባኛል። አንዳንዱ ጠያቂ የሰውን ነፍስ ሊመዘግብ የመጣ ይመስላል። ጥያቄው ራሱ ግን የጴንጤ ፈጠራ አይደለም። የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ላይ ኢየሱስ ሊያዝ ጥቂት ሲቀረው ሲጸልይ እንዲህ ይላል፦ «እውነተኛ አምላክ ብቻ የሆንህ አንተን የላክኸውንም ኢየሱስ ክርስቶስን ያውቁ ዘንድ ይህች የዘላለም ሕይወት ናት።» ስለዚህ ነገሩ በክርስትና ውስጥ ለብርቱዎች የተተወ ተጨማሪ ደረጃ አይደለም፤ ዋናው ጉዳይ ነው።

ባጭሩ ሲነገር፣ ኢየሱስን በግል ማወቅ ማለት ስለ እሱ የሰሙትን እውነት ብሎ መቀበል፣ ራስን ለእሱ አደራ መስጠትና ከእሱ ጋር መኖር ነው። ብዙዎቻችን የምንቆመው የመጀመሪያው ላይ ነው።

ይህን ከሚያሳዩ ታሪኮች እኔ የምወደው የሳምራዊቷን ሴት ነው፣ ዮሐንስ ምዕራፍ 4። ኢየሱስ ደክሞት ያዕቆብ ጉድጓድ አጠገብ ተቀምጧል። «ጊዜውም ስድስት ሰዓት ያህል ነበረ» ይላል። (እኛ ሰዓቱን ሳናሰላ እናነበዋለን፤ ቀትር ነው፣ ፀሐይ አናት ላይ ነች።) ሴትየዋ ውኃ ልትቀዳ መጣች። ንግግሩ የጀመረው «ውኃ አጠጪኝ» ከሚል ልመና ነው። ከዚያ እሱ አምስት ባሎች እንደነበሯት፣ አሁን ያለውም ባሏ እንዳልሆነ ነገራት። የሚገርመው የተናገረበት መንገድ ነው። አላዋረዳትም። ሴትየዋ ስለ አምልኮ ቦታ ክርክር አነሳች፤ በዚህ ተራራ ነው ወይስ በኢየሩሳሌም? ግን አልሸሸችም፤ እንስራዋን ትታ ወደ ከተማ ሄደች፣ «ያደረግሁትን ሁሉ የነገረኝን ሰው ኑና እዩ» እያለች።

የከተማው ሰዎች መጀመሪያ ያመኑት በእሷ ቃል ነው። መጥተው ለመኑት፣ ሁለት ቀን አብሯቸው ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ለሴትየዋ ያሏት ነገር የዚህ ጽሑፍ ርዕስ ትርጉም ነው ብል ማጋነን አይሆንም፦ «አሁን የምናምን ስለ ቃልሽ አይደለም፥ እኛ ራሳችን ሰምተነዋልና።» የእሷ ምስክርነት ውሸት ሆኖ አይደለም። በር ከፈተላቸው፣ እነሱም ገቡ። የእናታችን ጸሎት፣ የሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ የወንጌላዊው ስብከት እንደ ሴትየዋ ቃል ነው። ሁለቱን ቀን ከእሱ ጋር መቀመጥ ግን የራስ ነው።

ማመን ሲባልስ? የያዕቆብ መልእክት «አጋንንት ደግሞ ያምናሉ፥ ይንቀጠቀጡማል» ይላል። እግዚአብሔር መኖሩን በማወቅ ብቻ ከሆነ አጋንንት ከብዙዎቻችን ይበልጣሉ። የጎደላቸው መረጃ አይደለም። አደራ መስጠት ነው የጎደላቸው።

የገበያ ዕቁብን አስቡ። ደንቡን በቃላችሁ ልታውቁት ትችላላችሁ፤ በሳምንት ስንት እንደሚጣል፣ ዕጣው መቼ እንደሚወጣ፣ ዋስ ማን እንደሚሆን። ዳኛው ታማኝ ሰው ነው ብላችሁም ልትመሰክሩ ትችላላችሁ። ያ ሁሉ ግን ዕቁብተኛ አያደርጋችሁም። ዕቁብተኛ የምትሆኑት ብሩ ከኪሳችሁ ሲወጣ ነው። ዕጣ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ሰውማ ስንት ጊዜ ይጥላል፣ እጁ ላይ ምንም ሳይገባ! እንቅልፍ የሚሰጠው ዳኛውን ማወቁ ነው። ጳውሎስ እስር ቤት ሆኖ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የተናገረው ይህንኑ ነው፦ «ያመንሁትን አውቃለሁና፥ የሰጠሁትንም አደራ እስከዚያ ቀን ድረስ ሊጠብቅ እንዲችል ተረድቼአለሁ።» ጳውሎስ አደራ የሰጠው የተረፈውን ሳይሆን ራሱን ነበር።

በዚህ ነገር ላይ የጆን ዌስሊን ታሪክ ማንሳት አለብኝ፤ በኋላ የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሪ የሆነው እንግሊዛዊ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆቹ ነው። ዌስሊ በ1728 ቄስ ሆነ። ይጾማል፣ እስረኞችን ይጠይቃል፣ ለድሆች ይሰጣል። ከዚያም ሚሲዮናዊ ሆኖ ወደ አሜሪካ ጆርጂያ ተጓዘ። በጥር 1736 መርከቧ አትላንቲክ ላይ ማዕበል መታት። ሞራቪያውያን የሚባሉ ጀርመናውያን ክርስቲያኖች በመርከቧ ላይ ነበሩ፣ ሰዓቱም የመዝሙራቸው ሰዓት ነበር። መዝሙሩ መሃል ማዕበሉ ትልቁን ሸራ ቀደደው፣ ውኃው መርከቧን አለበሳት። እንግሊዛውያኑ ጮኹ። ጀርመኖቹ መዝሙራቸውን ቀጠሉ። ዌስሊ በኋላ አንዱን ጠየቀው፦ «አልፈራህም?» «እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልፈራሁም።» «ሴቶቻችሁና ልጆቻችሁስ?» «ሴቶቻችንና ልጆቻችንም ሞትን አይፈሩም።»

ቄሱ ግን ፈርቶ ነበር። ሥነ መለኮቱን ከእነሱ አሳንሶ አያውቅም፤ ምናልባትም ይበልጣቸው ነበር። ልዩነቱ ውኃው ሲመጣ ታየ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በግንቦት 1738፣ ለንደን ውስጥ አንድ ትንሽ ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ሳለ ልቡ እንግዳ በሆነ መንገድ እንደሞቀ ጻፈ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ሙቀቱን ነው። እሱ ግን አስከትሎ የጻፈው ለመዳኑ በክርስቶስ ብቻ እንደሚታመን ማወቁን ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን ጥርጣሬ ይጎበኘው ነበር፤ ማስታወሻው ላይ አልደበቀም።

ሙቀቱን ካነሳን አይቀር፣ ሐይቅ ዳር አካባቢ ግቢ የሚያከራዩ አንድ እናት አውቃለሁ። ተከራዮቻቸው አብዛኞቹ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠሩ ልጆች ናቸው። አንዷ ኮንፈረንስ ላይ እጇን አንስታ፣ አልቅሳ፣ ቀለል ብሏት መጣች። ሳምንታት አለፉ። አንድ እሑድ ቡና እየተጠጣ «እማማ፣ ጌታ ጠፋብኝ መሰለኝ። ስጸልይ ምንም አይሰማኝም» አለቻቸው።

«እኔ ባለቤቴ የሞተ ጊዜ ስንት ወር ሙሉ ምንም አልተሰማኝም፣ ልጄ» አሏት። «ጠዋት እነሳና ‹ዛሬም ያንተው ነኝ› እለዋለሁ። በቃ። ሌላ የምሄድበት የለኝማ።»

ልጅቷ መልሱን ብዙም የወደደችው አልመሰለኝም። እንደ ኮንፈረንሱ የሚያስለቅስ ነገር ነበር የጠበቀችው። ሴትየዋ ግን ሳያውቁት ጴጥሮስ ያለውን ነው የደገሙት። ብዙ ሰው ኢየሱስን ትቶ በሄደበት ቀን «ጌታ ሆይ፥ ወደ ማን እንሄዳለን? አንተ የዘላለም ሕይወት ቃል አለህ» ነበር ያለው። ጴጥሮስ ያን ቀን ሁሉ ነገር ገብቶት አልነበረም። የሚቆይበትን ሰው ግን ያውቅ ነበር።

«በግል» ሲባል «ለብቻ» ማለት የሚመስላቸው አሉ። «እኔና ኢየሱስ ብቻ፣ ቤተ ክርስቲያን ምን ታደርግልኛለች?» የሚለው አባባል አሁን አሁን በርትቷል። ወንጌል ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ኢየሱስ እያንዳንዱን በስሙ ይጠራል፤ ዘኬዎስን ከዛፍ ላይ፣ መግደላዊት ማርያምን መቃብሩ ደጃፍ። የጠራውን ግን ወደ ማዕድ፣ ወደ ወንድሞችና እህቶች ይልከዋል። ኦርቶዶክሱ ይህን ከማንም በፊት ይዞታል። ወንዱ በ40 ቀን፣ ሴቷ በ80 ቀን ሲጠመቁ ለየራሳቸው የክርስትና ስም ይወጣላቸዋል። ከንስሐ አባት ፊት የሚቀርበው አንድ ሰው ነው፣ ከራሱ ኃጢአት ጋር። ለቁርባኑ የሚጠቀሰው ቃልም «ሥጋዬን የሚበላ ደሜንም የሚጠጣ በእኔ ይኖራል እኔም በእርሱ እኖራለሁ» የሚል ነው። ከዚህ በላይ የቀረበ ነገር ምን አለ? ወንጌላውያኑ ደግሞ አጥብቀው የሚያነሱት፣ ይህ ሁሉ ልማድ ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል የሚለውን ነው። እውነት አላቸው። የእነሱ «እጅ አንሱ» የሚለውም ልማድ ሊሆን እንደሚችል ግን መርሳት የለባቸውም። ለውሳኔ ሰው ወደ ፊት የመጥራት ዘዴ በሰፊው የታወቀው በ1830ዎቹ አሜሪካ፣ በቻርልስ ፊኒ ስብከቶች ነው። ሐዋርያት ያላዘዙት ነገር ስለሆነ፣ ያልወጣውን ሁሉ «አልዳነም» ማለት አያስኬድም።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ስለ ራሱ ሕይወት ጌታ ምን እንደሚል ለማወቅ በየሳምንቱ «ነቢይ» ፍለጋ የሚዞር ሰው በዝቷል። ሥራ ልቀይር? ላግባት? ውጭ ልሂድ? ስልክ ይደወላል፣ ወረፋ ይያዛል፣ አንዳንዴም ብር ይከፈላል። በቀጥታ ላናግረው የምችለውን አባት በአማላጅ ካልሆነ አላናግርም ማለት ነው። የትንቢት ስጦታ የለም እያልኩ አይደለም። ግን ማቴዎስ ምዕራፍ 7 ላይ «በስምህ ትንቢት አልተናገርንምን» ለሚሉት ጌታ የሚመልሰው «ከቶ አላወቅኋችሁም» ብሎ ነው። ልብ በሉ፣ «አላወቃችሁኝም» አላለም። ዋናው እሱ እኛን ማወቁ ነው። ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች «እግዚአብሔርን ስታውቁ» ብሎ ይጀምርና ወዲያው «ይልቁንም በእግዚአብሔር ስትታወቁ» ብሎ ያስተካክለዋል።

እውነተኛ መሪ ምን እንደሚመስል ማየት ለሚፈልግ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 አለ፣ የአገራችን ሰው ታሪክ። የንግሥት ሕንደኬ ባለሟል የነበረው ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ ሮጦ ደረሰና «የምታነበውን ታስተውለዋለህን?» አለው። «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» አለ። ፊልጶስ ከዚያው ከሚነበበው ጀምሮ ስለ ኢየሱስ ነገረው። ውኃ ደረሱ፣ ተጠመቀ። ከዚያ ፊልጶስ ተነጠቀ! አድራሻም አልተወም። ጃንደረባውም ዳግመኛ አላየውም፤ ደስ ብሎት መንገዱን ሄደ። መሪው ሄዶ ደስታው ቀረ።

ከየት ይጀመር ለሚል ሰው፣ እኔ የማርቆስን ወንጌል ባንዴ ቁጭ ብሎ ማንበብን እመክራለሁ። 16 ምዕራፍ ናት፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃታል። እየቆራረጥን በጥቅስ ብቻ የምናውቀው ኢየሱስና እዚያ የምናገኘው ይለያያሉ። ይቆጣል፣ ይደክመዋል፣ ጀልባ ውስጥ ትራስ ላይ ይተኛል፣ ለምጻሙን ይዳስሳል፣ ዓይነ ስውሩን በርጤሜዎስን «ምን ላደርግልህ ትወዳለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ካነበቡ በኋላ በራስ ቋንቋ መጸለይ ነው። የተዋበ ቃል አያስፈልግም። ልጁ የታመመበት አባት እዚያው ማርቆስ ምዕራፍ 9 ላይ «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ብሎ ነው የጮኸው፤ ልጁም ተፈወሰ። ከዚያ የገባችንን ትንሿን ነገር መታዘዝ ይመጣል፤ ይቅር የማለት ቀጠሮ ካለ መሄድ፣ የተበደሩትን መመለስ። የዮሐንስ መልእክት «ትእዛዛቱንም ብንጠብቅ በዚህ እንዳወቅነው እናውቃለን» ይላል። ይህ ክፍል ምስክርነት ፕሮግራም ላይ ብዙም አይነገርም።

አንድ ጥያቄ ይቀራል፦ «የተቀበልኩበትን ቀን አላውቀውም፣ ታዲያ እኔ የለሁበትም?» ጳውሎስ ቀን ነበረው። የደማስቆን መንገድ፣ ብርሃኑን፣ ድምፁን ደጋግሞ ያወራ ነበር። ጢሞቴዎስ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ቅዱሳት መጻሕፍትን እያወቀ ያደገ ልጅ ነው፤ የሚያወራው ብርሃን የለውም። ጳውሎስ ሲጽፍለት «መቼ ነው የዳንከው?» አላለውም። በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ የነበረው እምነት በእሱም እንዳለ ተረድቻለሁ ነው ያለው።