ሪበን ማይክሮፎን ምንድን ነው? ፊትና ጀርባው የሚሰማ፣ ጎኑ የማይሰማ ማይክ

ሪበን ማይክሮፎን ማለት ድምፅን የሚቀበለው ክፍሉ በማግኔት መካከል የተንጠለጠለ እጅግ ስስ የአሉሚኒየም ጥብጣብ የሆነ ማይክሮፎን ነው። ስሙም ከዚሁ ጥብጣብ የመጣ ነው፤ ስቱዲዮ ውስጥ ግን «የጥብጣብ ማይክ» የሚል ሰው ገጥሞኝ ስለማያውቅ ሁሉም እንደሚለው «ሪበን» እያልኩ እቀጥላለሁ። ስለዚህ ማይክ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው «ሞቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል» የሚለው አባባል ነው። አባባሉ ሐሰት ባይሆንም ገዢን ያሳስታል፤ ምክንያቱም ሙቀቱ እንደ በርበሬ ማይኩ ውስጥ የተጨመረ ነገር ሳይሆን ጥብጣቡ ከሚሠራበት መንገድ፣ ማይኩ ከተቀመጠበት ርቀት፣ ከክፍሉና ከፕሪአምፑ (የማይኩን ደካማ ድምፅ ከሚያጎላው መሣሪያ) ተደማምሮ የሚመጣ ውጤት ነው። ይህን ሳያገናዝብ ውድ ሪበን የገዛ ሰው የታፈነና ሽሽታ የበዛበት ቅጂ ይዞ ይቀራል።

ጥብጣቡ ምን እንደሚመስል ማወቅ ብዙ ነገር ያቀልላል። ርዝመቱ ጥቂት ሳንቲሜትር፣ ውፍረቱ ደግሞ በብዙዎቹ ማይኮች 2 ማይክሮን ገደማ ነው፤ የሰው ፀጉር 70 ማይክሮን አካባቢ እንደሆነ ብንወስድ አንዲት ዘለላ ፀጉር የሚያህል ውፍረት ለማግኘት ሠላሳ አምስት ጥብጣብ መደራረብ ያስፈልጋል ማለት ነው። ላዩ ዝርግ ሳይሆን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ሞገድ ሞገድ ተደርጎ የተሸነሸነ ነው። ከላይና ከታች ብቻ ተይዞ፣ ግራና ቀኙን ማግኔት አጅቦት፣ ፊቱና ጀርባው ለአየር ክፍት ሆኖ ይንጠለጠላል። ድምፅ አየሩን ሲያወዛውዘው ጥብጣቡ አብሮ ይወዛወዛል፤ በማግኔት መስክ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ደግሞ ቮልቴጅ ስለሚያመነጭ፣ ያ ውዝዋዜ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል። ተራው ዳይናሚክ ማይክም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው፤ ልዩነቱ ዳይናሚኩ የሚንቀጠቀጥ ሽፋንና ከሽፋኑ ጋር የተጣበቀ የሽቦ ጥቅልል ተሸክሞ ሲንቀሳቀስ፣ በሪበን ላይ ግን ያው አንዱ ጥብጣብ ሽፋንም ሽቦም ሆኖ መሥራቱ ነው። ክብደት የለውም ለማለት ስለሚያስደፍር የድምፁን መነሻና መውደቂያ ሳይዘገይ ይከተላል።

የተወጠረ ነገር ሁሉ ሲነካ የሚያስተጋባበት የራሱ ቃና አለው። ኮንደንሰር የተባለው፣ በስቱዲዮ የተለመደው ማይክ ሽፋኑ ጠበቅ ተደርጎ ስለሚወጠር ብዙውን ጊዜ በቀጫጭን ድምፆች ክልል ውስጥ ከፍ የማለት ጠባይ ይታይበታል፤ ብዙዎቻችን «ጥርት ያለ» ብለን የምንወደው ብልጭታም በከፊል ከዚያ የመጣ ነው። ሪበን ግን ላላ ተደርጎ ስለሚንጠለጠል የራሱ ቃና የሚገኘው በጥቂት አሥር ሄርዞች ደረጃ፣ ጆሮ ሊሰማው ከሚችለው ወለል አጠገብ ነው። በመሆኑም ላይኛው ክልል ላይ የሚጨምረው ጉብታ የለም፤ እንዲያውም ቀጫጭኑ ድምፅ ወደ ላይ በሄደ ቁጥር በዝግታ ይቀንሳል። የ«ሙቀቱ» አንዱ ምንጭ ይህ ነው። ሌላው ከርቀት ጋር የተያያዘ ስለሆነ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመን ውስጥ በሲመንስ ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ዋልተር ሾትኪና ኤርዊን ጌርላህ በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጀመሩት፤ አሜሪካ ውስጥ የአርሲኤ ኩባንያው ሃሪ ኦልሰን አዳብሮት በ1930ዎቹ «44» የተባለው ግዙፍ ማይክ ለሬዲዮ ጣቢያዎች ቀረበ። በቆዩ ፎቶዎች ላይ ዘፋኞች ፊት ተደንቅሮ የሚታየው፣ ባለ ማዕዘን ትልቅ ማይክ እሱ ነው። ግዝፈቱ ለውበት ሳይሆን በጊዜው የነበረው ማግኔት ደካማ ስለነበር ብዙ ማግኔት ማሸከም የግድ ሆኖ ነው። ከ1950ዎቹ ወዲህ ኮንደንሰሩ ቦታውን ቢቀማውም፣ ቀረጻ ወደ ዲጂታል ከዞረና ቅጂው ሁሉ ጆሮ የሚወጋ እየሆነ ከመጣ በኋላ ሪበን እንደገና ተፈለገ፤ በ1998 የወጣውና በጠንካራ ማግኔት ምክንያት በመዳፍ የሚያዝ ያህል ያነሰው ሮየር አር-121 ለዚህ መመለስ ዋና ምልክት ሆኖ ይጠቀሳል።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደርሰናል። ጥብጣቡ ከፊትም ከኋላም ለአየር ክፍት ስለሆነ ሪበን በሁለቱም በኩል እኩል ይሰማል፤ ከጎን፣ ከላይና ከታች የሚመጣ ድምፅ ግን ጥብጣቡን ከሁለቱም ወገን እኩል ስለሚገፋው ሊያንቀሳቅሰው አይችልም። ይህ የአሰማም ቅርጽ በእንግሊዝኛው የ8 ቁጥርን ስለሚመስል «ፊገር ኤት» ይባላል። ጀማሪ ሰው ይህን ሲሰማ «እንግዲያውስ ክፍሉን ሁሉ ይለቅመዋል» ብሎ ይሰጋል። ስሌቱ የሚለው ግን ሌላ ነው፦ ከሁሉም አቅጣጫ ከሚመጣው የክፍል ድምፅ ውስጥ ፊገር ኤት የሚወስደው፣ ዙሪያውን እኩል የሚሰማ ማይክ ከሚወስደው አንድ ሦስተኛውን ሲሆን፣ የተለመደው፣ በዋናነት ፊቱን የሚሰማው ካርዲዮይድ ማይክም የሚወስደው ያንኑ ያህል ነው። ልዩነቱ በመጠን ሳይሆን በአቅጣጫ ነው፤ ካርዲዮይድ ጀርባውን ሲሰጥ ሪበን ጎኑን ይሰጣል። ስለዚህ ሪበን ሲቀመጥ «ወዴት ይመልከት?» ከሚለው ጥያቄ እኩል «ጆሮ የሌለው ጎኑ ወዴት ይዙር?» ተብሎ መጠየቅ አለበት፤ ለእኔ የሪበን ጥበብ በአብዛኛው እዚህ ጥያቄ ላይ ነው ያለው።

አንድ ጊዜ ማሲንቆ ተጫዋችና ድምፃዊት በአንዲት ጠባብ ክፍል አብረው እንዲቀረጹ ግድ ሆኖብን ነበር፤ እየተቀባበሉ የሚሠሩ ስለሆነ ነጣጥሎ መቅረጽ ጨዋታውን ይገድለዋል። በኮንደንሰር ስንሞክር የፀጉሩ ፍትጊያ ጥርስ የሚያንገጫግጭ ሆነ፤ የሴትዮዋም ድምፅ ከማሲንቆው ባልተናነሰ ገባ። ከዚያ ሪበኑን ከማሲንቆው ቆዳ 50 ሳንቲሜትር ያህል አርቀን አቆምነው፣ ድምፃዊቷን በትክክል በጎኑ፣ በ90 ዲግሪ ላይ አስቀመጥናት፤ ከማይኩ ጀርባ ደግሞ ባዶ ግድግዳ ስለነበር ወፍራም ብርድ ልብስ ሰቀልንበት። ቀጥሎ ድምፃዊቷ ብቻዋን እያንጎራጎረች፣ እኔ ጆሮ ማዳመጫ አድርጌ ማይኩን በጣት ያህል ወዲህና ወዲያ አዞርኩት። አንዲት ነጥብ ላይ ሲደርስ ድምፅዋ ከፊት ለፊት ተነስቶ ከበር ውጭ እንደሄደ ያህል ራቀ። የቀረው ከግድግዳ ተመልሶ የሚመጣው ብቻ ነበር። ማሲንቆውም ፍትጊያው ሳይጠፋ ለስላሳ ሆኖ ገባ፤ በኋላ በሚክስ ላይ ቀጫጭኑን ክልል በኢኪው (የድምፅ ክልሎችን ከፍና ዝቅ በሚያደርገው መሣሪያ) ጥቂት ከፍ ስናደርገው አልጮኸም። ሪበን ኢኪውን በደንብ የሚቀበለው ላይኛው ክልል ላይ አስቀድሞ የተተከለ ጉብታ ስለሌለው ነው።

ጀርባው እንደ ፊቱ ቢሰማም የሞገዱ አቅጣጫ የተገለበጠ ነው። በመሆኑም የጀርባው ቅጂ ከሌላ ማይክ ጋር ሲደመር ድምፁ ከቀጠነ፣ ሞገዱን መልሶ የሚገለብጠውን፣ ባለሙያዎች «ፌዝ» የሚሉትን ቁልፍ (ቀልዱን ማለቴ አይደለም) መጫን ያስፈልጋል። በሁለት ሪበን ስቴሪዮ ለመቅረጽም ይኸው ቅርጽ መሠረት ሆኗል፤ እንግሊዛዊው መሐንዲስ አላን ብሉምላይን በ1931 የፈጠራ ባለቤትነት ባመለከተበት ሥራው ውስጥ ካሉት ዘዴዎች አንዱ፣ ሁለት ፊገር ኤት ማይኮችን በአንድ ነጥብ ላይ በ90 ዲግሪ አጣምሮ ማቆም ሲሆን፣ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ወደ ርቀት ስንመለስ፣ አቅጣጫ የሚለይ ማይክ ሁሉ ወደ ድምፁ ምንጭ በቀረበ ቁጥር ወፍራሙን ድምፅ ያጋንናል፤ ፊገር ኤት ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ያጋንነዋል። በ10 ሳንቲሜትር ላይ የቆመ ዘፋኝ እንደ ድሮ ሬዲዮ አንባቢ ይጎረንናል፤ ያው ሰው በ40 እና በ60 ሳንቲሜትር መካከል ሲቆም ድምፁ ወደ ተፈጥሮው ይመለሳል። «ሪበኑ ይጨልማል» የሚለው ቅሬታ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ኮንደንሰር የለመደ እጅ ማይኩን አፍ ላይ ስለሚያስጠጋው ነው።

መቅረብ ሌላም አደጋ አለው። ሪበንን የሚገድለው ጩኸት ሳይሆን ነፋስ ነው። ለምሳሌ አር-121 እስከ 135 ዴሲቤል ድረስ ስለሚችል የጊታር አምፕ ፊት ያለ ችግር ይቆማል፤ አንድ የእፍታ ትንፋሽ ግን ጥብጣቡን ሊለጥጠው ይችላል። «ይሠራል ወይ?» ብሎ እፍ ማለት የሚወድ እንግዳ ከሪበን አጠገብ ባይደርስ ይመረጣል። በእኛ ዘፈን «ፍቅር» የማይል ዘፋኝ ስለሌለና «ፍ» ያለ ትንፋሽ ስለማትወጣ፣ ፖፕ ፊልተር (ትንፋሹን የሚያቆም ወንፊት) ማድረግና ማይኩን ከአፍ ትይዩ ትንሽ ከፍ አድርጎ ማዘንበል ይገባል። ለዋሽንት ማይኩን ከትንፋሹ መንገድ ዞር ማድረግ፣ ለከበሮ ደግሞ ከቆዳው ፊት ማራቅ ያስፈልጋል። መለኪያው ቀላል ነው፦ መዳፍን ማይኩ በሚቆምበት ቦታ ላይ አድርጎ ማስጫወት፣ መዳፍ ላይ ነፋስ ከተሰማ ያ ቦታ ለሪበን አይሆንም።

ቀጥሎ ያለው ብዙ ሰው ሳይዘጋጅበት የሚገባበት የጉልበት ጉዳይ ነው። ጥብጣቡ ራሱ የሚያመነጨው ቮልቴጅ ኢምንት ስለሆነ ማይኩ ውስጥ ትራንስፎርመር ይገባል፤ በ1 ለ30 ጥምርታ የተጠቀለለ ከሆነ ቮልቴጁን ሠላሳ እጥፍ ሲያሳድግ፣ 0.2 ኦም የነበረውን የጥብጣብ ኢምፒዳንስ (ለተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ የሚያሳየውን ተቃውሞ) ዘጠኝ መቶ እጥፍ ወደ 180 ኦም ያወጣዋል። እንደዚያም ሆኖ ውጤቱ ትንሽ ነው። ማይኩ በ1 ፓስካል (የግፊት መለኪያ ነው) 2 ሚሊቮልት ይሰጣል እንበል፤ ቀስ ብሎ የተመታ ክራር ማይኩ ጋ ሲደርስ 74 ዴሲቤል ቢሆን 0.1 ፓስካል ነው፣ ስለዚህ በኬብሉ ውስጥ የሚሄደው 0.2 ሚሊቮልት ብቻ ይሆናል። ይህን ወደ 0.2 ቮልት ለማድረስ ሺህ እጥፍ፣ ማለትም 60 ዴሲቤል ጌይን (ማጉላት) ያስፈልጋል። ርካሽ ኦዲዮ ኢንተርፌስ (ማይክን ከኮምፒውተር ጋር የሚያገናኘው ሣጥን) እዚያ ሲደርስ ጉልበቱን ጨርሶ ሽሽታውን ማሰማት ይጀምራል። ስለዚህ 60 እስከ 70 ዴሲቤል ያለ ሽሽታ የሚሰጥ፣ የመግቢያ ኢምፒዳንሱም ከማይኩ ቢያንስ አምስት እጥፍ የሆነ ፕሪአምፕ ያስፈልጋል። ያ ካልተገኘ እንደ ክላውድሊፍተር ያለ፣ በማይኩና በኢንተርፌሱ መካከል ገብቶ 20 ዴሲቤልና ከዚያም በላይ የሚጨምር ትንሽ ሣጥን ችግሩን ይፈታል።

እንዲህ ያለው ሣጥን የሚሠራው በፋንተም ፓወር (በማይክ ኬብሉ በኩል በሚላክ 48 ቮልት) ሲሆን ቮልቴጁን ወደ ማይኩ አያሳልፍም። ፋንተም ሪበንን ያቃጥላል የሚለው ፍርሃት ግማሹ እውነት ነው። 48 ቮልቱ በኬብሉ ሁለት ሽቦዎች ላይ እኩል ስለሚጫን፣ ኬብሉ ጤነኛ እስከሆነ ድረስ በትራንስፎርመሩ ውስጥ የሚያልፍ ኤሌክትሪክ የለም። አንዱ ሽቦ ከተበጠሰ ወይም ከመሬቱ ሽቦ ጋር ከተነካካ፣ ወይም ፋንተም በርቶ ሳለ በፓች ቤይ (የስቱዲዮ ኬብሎች በሚገናኙበት ሰሌዳ) ላይ ኬብል ከተነቀለና ከተሰካ ግን፣ እኩልነቱ ለቅጽበት ይፈርስና ጥብጣቡ ይመታል። በዚህ መንገድ አንድ ማይክ አጥቻለሁ፤ ጥፋተኛው በእጄ የበየድኩት ኬብል ነበር። በውስጡ ማጉያ ያለው አክቲቭ ሪበን፣ እንደ ሮየር አር-122 ያለው፣ በተቃራኒው ያለ ፋንተም አይሠራም።

ለመግዛት ለሚያስብ ሰው እንግዲህ የእኔ ምክር የሚጀምረው ከማይኩ ሳይሆን ካለው ፕሪአምፕ ነው፦ ደካማ ኢንተርፌስ ብቻ ያለው አክቲቭ ይግዛ። ክፍሉ እጅግ ጠባብ ሆኖ ጀርባውን መሸፈን ለማይችል፣ ከ1957 ጀምሮ ያለው የቤየርዳይናሚክ ኤም 160 ሁለት ጥብጣብ ይዞ በዋናነት ፊቱን ስለሚሰማ ይሻለዋል። ሳክስፎንና ትራምፔት ለሚቀርጽ ኮልስ 4038 ወይም አር-121 የታወቁ ናቸው፤ የነሐስ መሣሪያ ጩኸት ላይ ሪበንን የሚስተካከል ማይክ እስካሁን አላገኘሁም። የዘፋኙ ድምፅ በተፈጥሮው የታፈነ ከሆነ፣ ወይም በብዙ መሣሪያ መካከል ጎልቶ መውጣት ካለበት ግን ሪበን አያስፈልግም፤ ኮንደንሰሩ ይበቃል።

ያገለገለ ማይክ የሚገዛ ሰው ደግሞ በአንድ ርቀት ላይ ፊቱንም ጀርባውንም ይሞክር። እንደ አር-121 ባሉ፣ ሆን ተብሎ ጥብጣባቸው ከመሃል ፈቀቅ በተደረገ ማይኮች ላይ ጀርባው በቅርብ ርቀት ትንሽ ደመቅ ማለቱ የተለመደ ነው፤ በሌሎቹ ላይ ግን ሁለቱ ወገን በግልጽ ከተለያዩ፣ ወይም ድምፁ ደክሞ ወፍራሙ ክልል ሲንኳኳ ከተሰማ፣ ጥብጣቡ ረግቧል ማለት ነው። ረጅም ጥብጣብ ያለው ማይክ ተጋድሞ ሲቀመጥ በገዛ ክብደቱ ስለሚረግብ ባለቤቱ እንዴት ያስቀምጠው እንደነበር መጠየቅም ነውር አይደለም፤ ቆሞና በከረጢት ተሸፍኖ ከሆነ መልካም ነው። ከፍቶ ለማየት መሞከር ግን አይገባም፣ በተለይ ብረት በሚሞረድበት ወይም በሚበየድበት ቤት አጠገብ፤ ማግኔቱ የብረት ብናኙን ስቦ ጥብጣቡ ጎን ያጣብቀዋል፣ አንዴ ከገባ በኋላ ደግሞ ጥብጣቡን ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም።